«ዝም እናሰኘዋለን»፦ ወደ ቴፒ የወሰደኝ ቃል

በርገን ያለው የማርያም ማኅበራችን እናቶች ጉዞዬን እንድጽፍላቸው ከጠየቁኝ ሁለት ወር አለፈ። «ከእኛ መሐል ያንን አገር ያየ የለም፤ ደኑንም ቡናውንም ንገሪን» ነበር ያሉኝ። ደኑን አይቻለሁ፤ ቡናውንም አይቻለሁ። ነገር ግን የሄድኩት እነሱን ለማየት ስላልነበረ፣ የምጽፈው ከጠበቃችሁት ቢለይ ይቅር በሉኝ።

ለማያውቁኝ ልንገር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። ኖርዌይ ከገባሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው የካንሰር ሕዋስ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕዋሱን በሳህን አሳድጋለሁ፣ እመግባለሁ፣ እለካለሁ። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ፣ እኔ እታለም የምላት፣ መምህር አግብታ ቴፒ ከሄደች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ ጋሼ ታደሰ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከጓሮው ቡና ጋር ይውላል።

መስከረም ላይ ደወለልኝ። «እህትሽን ጡቷን አሟታል። ነይ። ያቺንም ነገር ይዘሽ ነይ፤ አደራ» አለኝ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። «ያቺ ነገር» ያለው የኖርዌዩ ቡናማ አይብ መሰለኝ፤ እታለም በፎቶ አይታው «ካራሜላ የመሰለ አይብ፤ እስኪ አንድ ቀን አቅምሽኝ» ብላኝ ነበርና። ሁለት ድፍን ገዝቼ፣ ቀዝቃዛ በሚይዝ ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ከበረዶው ጋር አድርጌ፣ በእግዚአብሔር ስም ተነሣሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ እህቴን ከቴፒ አውጥቼ ጅማ ለሐኪም ማሳየት።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሣን። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ የእኛን የዓባይ በረሃ አስታወሰኝ፤ ያኛው ግን ድንጋዩ ይበዛል፣ ይኼኛው ለስላሳ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ወልቂጤን ሳናልፍ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ለምን እንዳላገባሁና ደመወዜን ጠይቀው ጨርሰው ነበር።

«ምንድን ነው ሥራሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ትንንሽ አር ኤን ኤ የሚባሉ ነገሮችን ነው የምናጠናው፤ በካንሰር ሕዋስ ውስጥ።»

«ምን ያህል ትንንሽ?»

«በዓይን አይታዩም፣ ሐጂ።»

«የማይታይ ነገር ላይ ሠርተሽ ደመወዝ አለው?»

«አለው።»

«አላህ ይጨምርልሽ። እኔ የሚታይ ቡና ይዤ ደመወዝ የለኝም።»

እንዲህ እያሳቁኝ ጅማ ልንገባ ስንል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ቡና የጫነ መኪና ኬላ ላይ ቆሞ አየን። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ይዞ ጆንያውን ይቆጥራል፤ ሹፌሩ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። «አየሽ» አሉኝ ሐጂ፣ «ቡናው ተለቅሟል፣ ደርቋል፣ ተጭኗል። ወረቀቱ ካልተስማማ ግን እዚህ ይቀራል። ገበያ አልደረሰም ማለት አልተለቀመም ማለት ነው።»

ይህን ሲሉ ሥራዬን እንዴት እንደማስረዳቸው ተገለጠልኝ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዋና መጽሐፍ አለ፤ ከግምጃ ቤቱ አይወጣም። ሕዋሱ አንድ ነገር ሊሠራ ሲፈልግ ከመጽሐፉ አንዲት ገጽ ተገልብጣ ወደ ውጭ ትላካለች። ሥራውን የሚሠሩት ያችን ቅጂ አንብበው ነው። ትንንሾቹ አር ኤን ኤዎች ሃያ ሁለት ገደማ ፊደል ብቻ ያላቸው ናቸው፤ የራሳቸው መልእክት የላቸውም። መንገድ ላይ ቆመው ፊደሏ ከፊደላቸው የገጠመችውን ቅጂ ይይዛሉ። የተያዘችው ወይ ትቀደዳለች፣ ወይ ሳትነበብ ትቀራለች።

«ኬላ ጠባቂ ናቸዋ» አሉ ሐጂ።

«ኬላ ጠባቂ ናቸው።»

«ካንሰር ማለት ታዲያ ጠባቂው ሲተኛ ነው?»

«አንዳንዱ ይጠፋል፤ ያኔ ‹እደግ፣ ተባዛ› የሚለው ወረቀት ሁሉ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ከልክ በላይ ይበዛና ‹በቃ፣ ቁም› የሚለውን ወረቀት ይይዛል።»

«እና እናንተ አዲስ ጠባቂ ትቀጥራላችሁ።»

«በሳህን ውስጥ እንቀጥራለን፤ ይሠራልናል። ሰው ሰውነት ውስጥ ስናስገባው ግን እኛ ከፈለግንበት ኬላ ሳይደርስ በደም ውስጥ ይበጣጠሳል፣ አለዚያም ጉበት ያስቀረዋል። ለሌላ ሕመም የተሳካላቸው አሉ። ለካንሰር ገና ነን።»

«መንገዱ ጭቃ ነዋ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጅማ ስንደርስ ሆቴል እንዳልይዝ አሉኝና ልጃቸው ቤት ወሰዱኝ። ሥጋቸውን እንደማልበላ ሳልናገር ተረድተው እንቁላል ጠበሱልኝ። የቦርሳዬንም በረዶ በማቀዝቀዣቸው መልሰው አጠነከሩልኝ። ልጃቸው አይቡን አይታ «አይብ ተሸክመሽ ወደ አይብ አገር ትመጫለሽ?» ብላ ተሳለቀችብኝ። በርገን በዚያ ሁሉ ዓመት የማላውቀው ሰው ቤት አድሬ አላውቅም።

ማክሰኞ

ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን። ከቦንጋ በኋላ መንገዱ ደኑ ውስጥ ይገባል። የደብረ ማርቆስ ልጅ ዛፍ ስትል ባሕር ዛፍ ነው፤ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ የተጠበቀ ጥድ። እዚህ ዛፉ ራሱን ይጠብቃል። ዝናቡም ከበርገን ዝናብ ይለያል። የበርገኑ ቀኑን ሙሉ እንደ ክር ይወርዳል፤ የዚህኛው ይገለበጣል፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ ይወጣል።

ሚዛን ልንደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረን ከዳገቱ የተንሸራተተ አፈር አስፋልቱን ዘግቶ ጠበቀን። አራት ሰዓት ያህል ቆምን። ረዳቱ «ቸኩሎ የመጣ ወርዶ ይዛቅ» ብሎ ሲቀልድ፣ አንዳንዶቹ በእውነት ወርደው ዛቁ። የአካባቢው ሴቶች የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር በቅጠል አቀረቡልን። ጎደሬ የድንች የአጎት ልጅ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይይዛል። ዳጣው በዓይኔ እንባ አመጣ። አንዲቱ ሴትዮ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ በቋንቋዋ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ረዳቱ ሲተረጉምልኝ «የደጋ ሰው ሲያለቅስ ነው ቃሪያው መልካም መሆኑ የሚታወቀው» ብላለች አለኝ።

ሚዛን የገባነው መሽቶ ነው። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ፍራሹ ርጥበት ነበረው። ባለቤቷ፣ እግሯን የሚያማት ቀጭን ሴት፣ ጫማዬን ሳልጠይቃት ወስዳ ጠዋት አድርቃ ከደጃፌ አቆመችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። «ጡት ከሆነ ቶሎ ነው» አለችኝ።

ረቡዕ

ከሚዛን ወደ ቴፒ ሲወረድ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ይጫናል። ከመንገዱ ዳር እርድና ዝንጅብል ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ ይሳባል። ቡናው በጥላ ሥር ነው፤ ጥቅምት ስለነበረ ገና ከአረንጓዴው ውስጥ ቀይ ቀዩ ብቅ ብቅ እያለ ነው።

ጋሼ ታደሰ መናኸሪያ ጃንጥላ ይዞ ጠበቀኝ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ሻንጣዬን ሊቀበለኝ ሲገባው ትቶ፣ ሰማያዊውን ቦርሳ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ልጅ እንደሚያቅፍ።

«ይኼ ነው?» አለኝ ዝግ ብሎ።

«እሱ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ የሺዬ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ለአይብ ይህን ያህል ምስጋና በዛብኝ፤ ግን እንግዳ አክባሪነቱን ስለማውቅ ዝም አልኩ። ቤት ስንደርስ ቦርሳውን ለጎረቤታቸው ለአስቴር ሰጣት። አስቴር የሸኮ ተወላጅ ናት፤ የእታለም ባልንጀራ፤ ከሰፈሩ ፍሪጅ ያላት እሷ ብቻ ናት።

እታለም ከበሩ ቆማ ጠበቀችኝ። ያቺ ስትስቅ ቤቱ የሚሰማት ሴት አንገቷ ብቻ ቀርቷል። ኖርዌይ ከገባሁ ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነበርና አለቀስን። የጾም ቀን ስለነበረ ሽሮና ጎመን፣ ከጎኑም ከደን የተለቀመ እንጉዳይ አቀረበችልኝ። ቆማ ስታስተናግደኝ ግራ ክንዷን ከጎኗ አታነሣም።

ከምሳ በኋላ ጓዳ ገብተን አሳየችኝ። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፤ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ሽታው እንዳይሰማ በጠጅ ሳር ታሽገዋለች። በብብቷ ሥር ጣቴ ያገኘው እብጠት ጠንካራ ነበር፤ ስነካው አይንቀሳቀስም። ዐሥራ አንድ ዓመት ካንሰር በእጄ ስመግብ ኖሬ፣ ሰው ላይ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። በሳህን ውስጥ ሽታ የለውም።

«መቼ ነው መጀመሪያ ያየሽው?» አልኳት።

«ቆየ» አለችኝና ነጠላዋን ሳበች። «አሁንማ መጣሽ።»

ሐሙስ

ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንድ ትልቅ ሰው የራጅ ፖስታ ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አንዲት ሴት አንገቷ ሥር ያበጠባት ልጅ አቅፋለች። ሌላዋ ሻርፗን በአፏ ላይ ይዛለች። ከእግራቸው ሥር ሙዝ፣ በቅል የሞላ ማር፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ አለ። ሁሉም ተነሡልኝ።

ጋሼ ታደሰን ወደ ጎን ጠራሁት። «እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?»

«አትቆጪኝ የሺዬ። እኔ ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። አስቀድመሽ ለእህትሽ አድርጊላት፤ ከተረፈ እነሱ ይጠብቃሉ።»

«ከምኑ ከተረፈ?»

«ከመድኃኒቱ። አስቴር ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መብራት እንዳይጠፋ ስንጸልይ ነው ያደርነው።»

ለጥቂት ጊዜ ምን እንዳለኝ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ከደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ እሱ አይብ ነው» አልኩት።

ጋሼ ታደሰ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጠው እንደሚያየው አየኝ። «አይብ» አለ። «እሺ። መድኃኒቱስ የት አለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም ካቻምና ሰኔ ላይ ደውላልኝ ነበር። «አንድ ጎረቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ካንሰር ይሆን? እናንተ እዚያ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለችኝ። ሐኪም ቤት ትሂድ ብያለሁ፤ ይህን ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ ግን ያን ሳምንት አንድ ሙከራ ሠምሮልን ስለነበረ፣ በደስታ ስለ ሥራዬ ነገርኳት። እኛ በሥራችን አንድን ዘረ መል ሥራውን እንዳይሠራ ስናደርገው «ዝም አሰኘነው» እንላለን። «በትንንሾቹ አር ኤን ኤዎች የካንሰሩን ሕዋስ ዝም እናሰኘዋለን፤ ዝም ሲል ማደግ ያቆማል» አልኳት። «ለሰው መቼ ይደርሳል?» ስትለኝ «ጊዜ ይፈልጋል፤ ትንሽ መጠበቅ ነው» አልኳት።

ጎረቤት አልነበረችም። ራሷ ነበረች፤ ማፈሯ ነው። ትንሽ ጠብቂ አልኳት፤ ዓመት ከአራት ወር ጠበቀች።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታናለች። «ዝም እናሰኘዋለን ብለሽኛል» አለች። ድምጿ አልከፋም፤ የታዘዘችውን ዕቃ ገዝታ የተመለሰች ሰው ድምፅ ነው። «ሲያመኝ ‹ዝም ይላል› እላለሁ። ደብተራው መርዙን ለማውጣት ቅጠል ልሰርልሽ ሲለኝ እንኳ እንቢ ያልኩት አንቺን አምኜ ነው።»

«በሳህን ውስጥ ነው ዝም የሚለው፣ እታለም። በመስታወት ሳህን ውስጥ።»

«ሳህን አላልሽም።»

አላልኩም።

ከዚያ በረንዳው ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ማነጋገር ነበረብኝ። ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ መድኃኒት እንዳልያዝኩ፣ የሰሙት እውነት የሆነው በሳህን ውስጥ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሐጂን ኬላ ተውሼ ጠባቂው እንዴት መንገድ እንደሚቀር አስረዳሁ። የራጁ ባለቤት ትልቁ ሰው በትዕግሥት ሰምተው «ታዲያ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ማወቅ የነበረብሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ በክፋት አይደለም። ልጇን የያዘችውን ሴት ወደ ሚዛን ሆስፒታል እንድትወስዳት ለመንኳት። ሁሉም ሄዱ። ሙዙንና ዶሮዋን ይዘው ሲሄዱ፣ ሻርፗን አፏ ላይ የያዘችው ሴት ግን ማሩን ትታ ሄደች። «መንገድ መጥተሻል፤ ጉሮሮሽን አለስልሺበት» አለችኝ። ያን ማር እስካሁን መቅመስ አልቻልኩም።

ወደ ማታ አስቴር ሰማያዊውን ቦርሳ ይዛ መጣች። ነገሩን ሰምታለች። «እኔ ከሥጋ ለይቼ፣ ከሽንኩርት ለይቼ፣ ብቻውን በጨርቅ ጠቅልዬ» አለች። ጋሼ ታደሰ አይቡን ቆረሰው። ማንም አልሳቀም። እታለም ቀምሳ «ስኳር ነው። ይኼ አይብ አይደለም» አለችና አስቀመጠችው።

ዓርብ

ቅዳሴ ሄጄ ተመለስኩ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታ ላይ ሩቅ ይታያል፤ እዚህ ዛፉ ስለሚሸፍነው ደወሉን ተከትለህ ነው የምትደርሰው። ቆሜ የጸለይኩትን ለራሴ ላስቀር።

ስመለስ እታለምን «ነገ ጅማ እንሂድ» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ቡናው ቀልቷል። አሁን ካልተለቀመ ይረግፋል። ኅዳር ላይ እንሄዳለን።»

«ኅዳር ላይ ምን እንደሚሆን አታውቂም።»

«ዓመት ከአራት ወር ስጠብቅ አንድ ወር ምን አላት?» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የተቆጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንቺ ጠብቂ ስትይ ልጠብቅ፣ ተነሺ ስትይ ልነሣ? ደግሞስ ጅማ ሄጄ ምን ይሉኛል? ይቆርጡታል። ቆርጠውት ከሞትኩ ጎዶሎ ሆኜ ነው የምቀበር።»

ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሁሉም ጥያቄ መልስ አለኝ፤ ቢያንስ በሚቀጥለው ሳምንት እንሞክረው ማለት እችላለሁ። ጋሼ ታደሰ አንገቱን ደፍቶ የቡና ቅርጫት ይጠግናል። ልታሳምናት የቻለችው አስቴር ናት። የአስቴር አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለእታለም ሁልጊዜ አንተ ነው የምትላት፣ እታለምም ትስቅባታለች።

«ጥሩዬ፣ ቡና ከዛፍ ቢወድቅ ከመሬት ይለቀማል» አለች አስቴር። «አንተ ብትወድቅ ማን ይለቅምሃል?»

«ማን ይለቅምልኛል ቡናውን?»

«እኔ። ሰዎቼን እጠራለሁ። ደቦ ነው። የእኔ ልጅ ሲወለድ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ሳትነሣ አላደርክም? ያኔ የአንተ ቡና አልቀላም ነበር?»

«ያኔ ሴት አልነበርኩም?» አለች እታለም።

«ያኔም አንተ ነበርክ» አለች አስቴር።

እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ያመማት ይመስለኛል፤ ክንዷን ያዘች። ከዚያ «ነጠላዬን እጠቡልኝ» አለች። ለመሄድ መስማማቷ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ንጋት ላይ እኔና እታለም ከቴፒ ተነሣን። ስንወጣ የአስቴር ሰዎች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ቅርጫት ይዘው በጓሮው ውስጥ ነበሩ። እታለም በመስኮቱ ወደ ኋላ ዞራ አስቴርን «አረንጓዴውን እንዳይነኩት ንገሪያቸው» አለቻት።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ ትንፋሿን ትይዛለች። ሚዛን ላይ የአልጋ ቤቷ ባለቤት ከመንገድ አይታን ሮጣ መጣችና ትራስ አቀበለችን፤ «ስትመለሱ ትመልሱታላችሁ» አለች። ትራሱን ከክንዷ ሥር አድርገን እስከ ጅማ ሄድን። ቦንጋ አጠገብ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሲፈተሽ፣ እታለም ተቆጣጣሪው የአንዲትን ሴት ጆንያ ሲያስወርድ እያየች «እንዲህ ነው የሚያደርጉት የአንቺዎቹ?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው።»

«ይቺ ሴትዮ የልጇን የትምህርት ቤት መክፈያ ቡና ይሆናል የያዘችው።»

«ይሆናል።»

እውነቷን ነው። አንዲቱ ትንሽ አር ኤን ኤ በመቶ የሚቆጠሩ ቅጂዎችን ነው የምትይዘው፤ የካንሰሩን ብቻ አትመርጥም። እኛ እዚያ ለዓመታት የምንለፋበትን ችግር እህቴ በመስኮት አይታ አገኘችው።

እሑድ ጅማ ውስጥ ቅዳሴ ሰምተን አረፍን። ቀኑን ሙሉ ተኛች።

ሰኞ

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነጽሩ በፕላስተር ተጠግኗል። እህቴን «እናቴ» እያለ፣ እጁን በውኃ አሙቆ ነው የመረመራት። ሲጨርስ ወረቀቱን ሳበ።

«እናቴ፣ እብጠቱን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው» አለች እታለም።

ሐኪሙ ቁስሉን አስታወሰና ቀና አለ። «ሁለት ወር?»

«ሁለት ወር። ከነሐሴ ወዲህ።»

ለምን እንደዋሸች ገብቶኛል። ለእኔ ነው። ሁለት ወር ከሆነ የኔ ቃል የለበትም። ዝም ብዬ ብቀር ማንም አያውቅም፤ ከክፍሉ እንደገባሁ ንጹሕ ሆኜ እወጣ ነበር። ነገር ግን ዕጢ በሁለት ወር እንዲህ ከሆነ አንድ ዓይነት ነው፣ በዓመት ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሐኪሙ የሚመርጠው መድኃኒት በዚህ ሊለወጥ ይችላል። «ዶክተር፣ ዓመት ከአራት ወር ነው» አልኩት።

«ዝም በይ አንቺ» አለች እታለም በጥርሷ መሐል።

«ካቻምና ሰኔ ላይ ነው ያየችው።»

«ታዲያ ለምን ዘገዩ?» አለ ሐኪሙ። ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ነበር፤ እሷ ግን ግድግዳውን ታያለች።

«እኔን ስትጠብቅ ነው» አልኩት።

ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። «መድኃኒት ይዘሽ ልትመጪ ነበር?»

«አልነበረም። እንደዚያ አስመስዬ ተናግሬ ነው።»

ጻፈ። ቀጥሎ ደምና አልትራሳውንድ አዘዘ፤ ወረቀቱን ይዘን ከክፍል ክፍል ስንዞር ዋልን። ከሰዓት በኋላ ውጤቱን አይቶ ቁጭ አደረገን። ጉበቷ ላይ ሦስት ነጠብጣብ አለ። የጡቷ ናሙና እስኪመጣ መጠበቅ ቢኖርም በመድኃኒት እንደሚጀምራት፣ ዕድሜ ሊጨምርላት እንደሚችል፣ ሊያድናት ግን እንደማይችል በቀስታ ነገረን። እታለም «በጊዜው ብመጣስ ኖሮ?» አለችው። እሱ ወደ እኔ አላየም። «በጊዜው ቢመጡ ቆርጠን እናወጣው ነበር፤ ብዙዎች ይድናሉ» አላት። ይህን ስጽፍ ሦስተኛውን ዙር ወስዳለች። ጋሼ ታደሰ በየሦስት ሳምንቱ ጅማ ይወስዳታል፤ ጸጉሯ ሄዷል፤ ቁስሉ ግን ደርቋል ይላል።

ያን ቀን ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ካርዷ በእጄ ነው። እህቴ «ለምን ነገርሽው? እኔ ብዋሽ ምን ይጎድልሽ ነበር?» አለችኝ።

«መድኃኒቱን በእሱ ነው የሚመርጠው።»

«መድኃኒቱን። ስምሽን በሽታዬ ላይ አስጻፍሽ እኮ።» ካርዱን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አይታ መለሰችልኝ። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

አነበብኩ። አጭር ነው፤ አንድ መስመር። «‹እህቷን ስትጠብቅ ዘገየች› ይላል።»

«መድኃኒት ስትጠብቅ አላለም?»

«አላለም። እህቷን ነው የሚለው።»

ካርዱን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ልክ ነው የጻፈው» አለች። «ዐሥራ አንድ ዓመት።»